ያላለቀ ባክአፕና የጠዋት ሰልፍ

ደሴ ላይ ቢሮ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ይጮሃል። ደዋዩ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አይጨርስም። «ሲስተሙ ተኝቷል።» «ኧረ እየዞረ ነው፣ አልከፍት አለኝ።» «ዛሬም እንደ ትላንቱ ነው?» ብዙ ጊዜ ምክንያቱን ስልኩን ሳላነሳ አውቀዋለሁ። ሌሊት ማለቅ የነበረበት ባክአፕ፣ ማለትም የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ ሥራ፣ አላለቀም።

ከዚያ በኋላ ያለችው ጥያቄ አጭር ናት። ላቁመው ወይስ ልተወው? ቁልፉ እንደሆነ ስክሪኑ ላይ አለ። «ስቶፕ» ይላል፤ አንዴ ጠቅ ነው።

ከኔ ጋር የሚሠሩ ልጆች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ቁልፉን ይፈራዋል። ባክአፕ መሃል ላይ ከተቋረጠ የተቀመጠው ሁሉ የሚበላሽ ይመስለዋል። ሰዉ ተሰልፎ እያየ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ሌላው ጭራሽ አይፈራም። ስቶፕ ብሎ ወዲያው ካልቆመለት «ኪል -9 ልስጠው?» ይለኛል፤ በግድ ልግደለው ማለቱ ነው። እሱን «ቆይ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሎጉን እናንብብ» (ሎግ ሥራው ያደረገውን የሚጽፍበት መዝገብ ነው) ስለው ፊቱ ይለዋወጣል፤ ያዘገየሁት ይመስለዋል። እኔ ሁለቱንም እረዳቸዋለሁ። ግን ሁለቱም አንድ ነገር አይጠይቁም፤ ይሄ ሥራ አሁን፣ በዚች ደቂቃ፣ ምን እያደረገ ነው?

በመጀመሪያ ለምን ጠዋት ድረስ እንደሚዘልቅ ልንገራችሁ፤ የኛ አካባቢ ጉዳይ አለበት። ድሮ እዚህ ጥንቃቄ የሚባለው የደሴውን መረጃ ኮምቦልቻ ማስቀመጥ ነበር። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንዱ ቤት ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል ይባላል፣ ልክም ነው። በ2014 ዓ.ም. ግን ከጥቅምት 20 በኋላ ባሉት ቀናት ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች ተከታትሎ ያዛቸው። ኅዳር 27 ሁለቱም ነጻ ወጡ ሲባል፣ ሰው ተመልሶ ቢሮውን ሲከፍት ሰርቨር የነበረበት ክፍል ባዶ የሆነበት ብዙ ነው። ኮምፒውተሩ ተወስዷል፤ ባክአፑ የተቀመጠበት ሃርድ ዲስክም አጠገቡ ነበርና አብሮ ሄዷል። 25 ኪሎ ሜትር ለእሳት ይበቃል። ለጦርነት አይበቃም።

ስለዚህ አሁን ሁለተኛው ቅጂ አዲስ አበባ ነው የሚቀመጠው፤ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ። በዚያ ቀጭን መስመር ላይ ትልቅ ፋይል ስትልክ ሌሊት አጭር ነው።

በዚህ ላይ መብራቱ አለ። ወሎ ውስጥ ሰርቨር የያዘ ሰው ሥራ ሲቋረጥ ምን እንደሚመስል ከመጽሐፍ አይማርም። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ድርግም ይላል። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ፣ ዩፒኤሱ፣ ይጮሃል። ናፍጣ ካለ ጥበቃው ሐጂ ተነስተው ጄኔሬተሩን ያስነሱታል። ከሌለ ጠዋት በር ላይ ይጠብቁኛል። «ልጄ፣ ሌሊቱን በጨለማ ነው ያደርነው። ያ የምትሳሳለት ሳጥንም ጮሆ ጮሆ ዝም አለ» ይሉኛል። ሳጥኑ ያሉት ዩፒኤሱን ነው። እሱ ዝም ካለ እየሄደ የነበረው ሁሉ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ቆሟል ማለት ነው።

ለዚህ ነው የባክአፕ ፕሮግራም ስመርጥ ፍጥነቱን አስቀድሜ የማልጠይቀው። መሃል ላይ ቢቋረጥ ምን ይተርፋል? ድጋሚ ሲነሳ ከየት ይጀምራል? ለነዚህ ሁለቱ መልስ የሌለው ፕሮግራም ሌላ ከተማ ጥሩ ሊሆን ይችላል። እዚህ አይሆንም። መቋረጥን የሚችል ፕሮግራም ከያዝክ ደግሞ በእጅህ ማቆምም ያን ያህል አያስጨንቅህም፤ መብራት ከሚያደርስበት የባሰ አታደርስበትማ።

አሁን ወደ ማቆሙ። ሊኑክስ በሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ አንድን ሥራ ማቆም ሁለት መልክ አለው። ሲግተርም የሚባለው ምልክት፣ ቁጥሩ 15፣ ልመና ነው። ፕሮግራሙ ይሰማዋል፣ የከፈተውን ፋይል ይዘጋል፣ ጊዜያዊ የሆነውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ይወጣል። ኮንትሮል ሲ ስንጫን የሚሄደው ሲግኢንት፣ ቁጥር 2፣ የዚያው ዘመድ ነው። ሲግኪል፣ ቁጥር 9፣ ግን ለፕሮግራሙ አይነገረውም። ከርነሉ፣ የሊኑክስ እምብርት፣ ራሱ ያጠፋዋል። ፕሮግራሙ «ቆይ ይቺን ልጨርስ» የሚልበት ዕድል የለውም።

ከደሴ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ሐረጎን ያውቃል። ጭነት የያዘ ሲኖትራክ እዚያ ቁልቁለት ላይ ማቆም ይቻላል። ሹፌሩ ግን ያሰኘው ቦታ ላይ አይቆምም፤ መንገዱ ሰፋ የሚልበትን ይፈልጋል። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ያደርጋል። ሲነሱ ድንጋዩን ወደ ዳር መጣልም የረዳቱ ሥራ ነው። ሳይጥለው ከሄደ ጣጣው ከኋላ ለሚመጣው መኪና ነው። ኪል -9 ረዳቱን ድንጋዩን ሳያነሳ ያስኬደዋል። ያ ድንጋይ በኛ ቤት ሎክ ፋይል ይባላል፤ «ሥራ ላይ ነኝ» የሚል ምልክት ነው። ማታ አዲሱ ባክአፕ ሲነሳ «ሌላ ሰው እየሠራ ነው» ብሎ ይመለሳል፤ ሌላ ሰው ግን የለም። በማግስቱም እንዲሁ። ሎግ የማያነብ ቢሮ ይሄን ወር ሙሉ ላያውቀው ይችላል።

ሬስቲክና ቦርግ የሚባሉ የባክአፕ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሬስቲክ ለዚህ «አንሎክ» የሚል ትእዛዝ አለው፣ ቦርግ «ብሬክ-ሎክ» አለው፣ ቨርቹዋል ማሽኖችን (በአንድ ሰርቨር ውስጥ እንደ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር የሚሠሩትን) በሚያስተዳድረው ፕሮክስሞክስ ላይ ደግሞ ማሽኑ «ባክአፕ» የሚል ቁልፍ እንደያዘ ሲቀር «ኪውኤም አንሎክ» ብለን የማሽኑን ቁጥር እንሰጠዋለን። ሦስቱም ቀላል ናቸው። ቀላል ስለሆኑ ነው የሚያሰጉኝ። ቁልፉን ከመስበር በፊት ያ ሥራ በእርግጥ መሞቱን ማየት ግድ ነው፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ በሕይወት እየሠራ ሊሆን ይችላልና።

እኛ ጋ የሚሠራው ፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር ነው። የመጀመሪያው የተረጋጋ እትሙ የወጣው በፈረንጆቹ ኅዳር 2020 ነው። ክፍት ሶፍትዌር ነው፤ የላይሰንስ ዶላር ፍለጋ ለሚንከራተት ቢሮ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። አሠራሩን ትንሽ ጠጋ ብለን እንየው፣ ምክንያቱም የማቆም ነገር ያለው እዚህ ውስጥ ነው።

የቨርቹዋል ማሽኑን ዲስክ በ4 ሜጋባይት ቁራጮች ይከፋፍለዋል። ቸንክ ይሏቸዋል። እያንዳንዱ ቁራጭ ከይዘቱ በሚሰላ የሻ-256 ቁጥር ይሰየማል። ተመሳሳይ ይዘት ካለ ስሙም አንድ ስለሚሆን አንዴ ብቻ ይቀመጣል። ቁራጮቹ 65,536 በሚሆኑ ንዑስ ማህደሮች ውስጥ ተበትነው ይቀመጣሉ። አንድ ባክአፕ ማለት እንግዲህ የትኞቹ ቁራጮች በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚገጣጠሙ የሚናገር ዝርዝር ነው።

ሰማንያ በመቶ የደረሰውን ባክአፕ አሁን አቆምነው እንበል። ዝርዝሩ አልተጠናቀቀምና ሰርቨሩ ያን ጅምር ስናፕሾት (የዚያን ሰዓት ባክአፕ) ራሱ ያስወግደዋል። የትላንቱና የትላንት በስቲያው ባክአፕ አይነካም። የራሳቸው ዝርዝር አላቸው፣ ቁራጮቻቸውም እዚያው ናቸው። የሚፈራው ልጅ ማወቅ ያለበት ይሄንን ነው። ዛሬ የተላኩት ቁራጮችም ዲስኩ ላይ ይቀራሉ።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «ቁራጮቹ ካሉ ነገ ከሰማንያ በመቶ ይቀጥላል» ይባላል። አይቀጥልም። ላኪው የትኛው ቁራጭ ሰርቨሩ ላይ እንዳለ የሚያውቀው ከመጨረሻው የተሳካ ባክአፕ ዝርዝር ነው። ዛሬ የተቋረጠው እዚያ ዝርዝር ላይ የለም። ስለዚህ ነገ አዲስ የሆኑትን ቁራጮች ድጋሚ ይልካቸዋል። ሰርቨሩ «ይሄማ አለኝ» ብሎ ሁለተኛ ቅጂ አይጽፍም፤ ዲስክህ አይባክንም፣ መስመርህ ግን ባክኗል። ደሴ ውስጥ፣ በአንድ ግቢ ገመድ ላይ፣ ይሄ ምንም አይደለም። ቀጭን መስመር ላይ ግን የመጀመሪያው ትልቁ ባክአፕ በየጠዋቱ እየተቋረጠ በየማታው ከዜሮ ሲጀምር ይኖራል። አያልቅም።

መፍትሔው ማቆሙን መተው አይደለም። ባክአፑ መጀመሪያ እዚሁ ደሴ ባለው ሰርቨር ላይ ያልቃል። ከዚያ የአዲስ አበባው ሰርቨር ሲንክ በሚባለው ሥራ ከደሴው ይስባል። የሚስበው ሰርቨር እያንዳንዱን ቁራጭ ከመጠየቁ በፊት የራሱን ዲስክ ያያል። ያለውን ይዘለዋል። ስለዚህ ሲንኩን ጠዋት ላይ ብታቆመው የመጣው እንደመጣ ነው፤ ማታ የቀረውን ይስባል። ተመሳሳይ ስቶፕ፣ አንዱ የሌሊት ድካምን ያጠፋል፣ ሌላው ምንም አያጎድልም። ሥራው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ «ማቆም ይቻላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሌለው ለዚህ ነው።

ሲንኩ የሚታየው ግን በሚስበው ሰርቨር ላይ ነው። ደሴ ላይ የሥራውን ዝርዝር ብትከፍት የምታገኘው የንባብ ሥራ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው እየመጣ እያነበበ ይሄዳል። እሱን አንድ በአንድ መዝጋት ውሃ መውቀጥ ነው። አዲስ አበባ ያለውን ሰርቨር ከፍቶ ዋናውን ማቆም ይሻላል።

በአጠቃላይ ማቆም ካለብኝ ከጀማሪው በኩል ነው የማቆመው። ባክአፑን ያስነሳው የቨርቹዋል ማሽኖቹ ሰርቨር ከሆነ እዚያ ሄጄ ነው ስቶፕ የምለው፤ ባክአፕ ሰርቨሩ ላይ አይደለም። ጀማሪው የሚሰበስበው ዕቃ አለው። ማሽኑን የያዘበትን ቁልፍ ይፈታል፣ የከፈተውን ይዘጋል። ባክአፕ ሲጀምር ደግሞ ለአፍታ የማሽኑን ፋይል ሲስተም የሚያቆምበት ጊዜ አለ፤ ጽሑፉ ሁሉ ባለበት ረግቶ ፎቶ እንዲነሳ። ያ አፍታ ሰከንዶች ነው። በዚያች አፍታ መሃል ሥራውን በኪል -9 የመታ ሰው ማሽኑን እንደረጋ ሊተወው ይችላል። ማሽኑ በርቷል፣ ፒንግ («አለህ ወይ?» የሚል ጥሪ) ይመልሳል፣ ምንም አይጽፍም። ምክንያቱን ለማያውቅ ሰው የሚያሳብድ ነገር ነው፤ መፍትሔው የረጋውን ፋይል ሲስተም የሚያስለቅቅ አንድ ትእዛዝ ብቻ ሆኖ ሳለ።

ጠዋት ላይ ሲስተሙ ለምን እንደሚንቀራፈፍም እንዲሁ ምክንያት አለው። ገንዘብ ያዥዋ ደረሰኝ ስታስገባ ማሽኑ ዲስክ ላይ መጻፍ ይፈልጋል። ያ ቦታ ገና ባክአፕ ካልተደረገ፣ አሮጌው ይዘት መጀመሪያ ወደ ባክአፕ ሰርቨሩ መሄድ አለበት፤ የሷ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ነው የሚያልፈው። ባክአፕ ሰርቨሩ ዘገምተኛ ከሆነ እሷም ዘገምተኛ ናት። «ኧረ በናትህ ይሄን ነገር አቁመው፣ ሰው ተሰልፏል» ስትለኝ እውነቷን ነው። ከፕሮክስሞክስ ቪኢ 8.2 ጀምሮ «ፍሊሲንግ» የሚባል ምርጫ መጥቷል፤ አሮጌው ይዘት መጀመሪያ ቅርብ ዲስክ ላይ ይቀመጥና ከዚያ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ሰልፉ ያጥራል። ፈጣን ዲስክና ትርፍ ቦታ ግን ይፈልጋል።

ሌሎቹን ሥራዎች በየተራ እንያቸው። ቬሪፋይ ማለት የተቀመጡትን ቁራጮች አንብቦ ከስማቸው ጋር ማመሳከር ነው። ይነበባል እንጂ አይጻፍም ማለት ይቻላል። ያለ ሐሳብ ይቆማል። የተረጋገጡት ስናፕሾቶች ውጤታቸው ተመዝግቦ ስለሚቀር በሚቀጥለው ይዘላቸዋል። ፕሩን የድሮ ዝርዝሮችን የሚያነሳ ነው፤ ለማቆም እጅህን ስታነሳ አልቋል።

ጋርቤጅ ኮሌክሽን ግን ስሙም ሰው ያስፈራል፤ የሚሰርዝ እሱ ስለሆነ። ሁለት ምዕራፍ አለው። መጀመሪያ ዝርዝሮቹን ሁሉ እየሄደ የሚፈለጉትን ቁራጮች ይነካካል፤ የመጨረሻ የተነበቡበትን ሰዓት ያድሳል። ቀጥሎ ቁራጮቹን ሁሉ ያያል፤ ከ24 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ወዲህ ያልተነካውን ያጠፋል። ለምን ይሄን ያህል? ብዙ ሊኑክስ ፋይል ሲስተም ላይ የንባብ ሰዓት የሚታደሰው በቀን አንዴ ሊሆን ስለሚችል ነው። በሁለቱም ምዕራፍ ብታቆመው ችግር የለም። በመጀመሪያው ካቆምከው ምንም አልተሰረዘም። በሁለተኛው ካቆምከው የተሰረዘው ማንም የማይፈልገው ነው። ዲስኩ የሚጠብቀው ቦታ ሳይለቀቅለት ይቀራል፣ ያ ብቻ ነው ጉዳቱ።

ጉዳት የሚያመጣው ሌላ ነው። ዲስክ ሲሞላ ጋርቤጅ ኮሌክሽኑን «ዘገየ» ብሎ አቁሞ ቁራጮቹን በእጁ የሚሰርዝ ሰው አለ። አንዲት ቁራጭ በሃያ ባክአፕ ውስጥ ልትኖር ትችላለች። የትኛዋ የማን እንደሆነች በስሟ አይታወቅም። ያ ሰው ቦታ ያገኛል፤ ባክአፕ ግን የለውም፣ እንደሌለውም አያውቅም።

ስቶፕ ከተባለ በኋላ ሥራው ወዲያው የማይቆመው ለምንድን ነው? የነዚህ ሥራዎች ኮድ በየመሃሉ «አቁም ተብያለሁ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅባቸው ቦታዎች አሉት። እዚያ እስኪደርስ ይሄዳል። ዘገምተኛ ዲስክ ላይ ከአንዱ እስከ አንዱ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ስቶፕን ደጋግሞ መጫን ጊዜውን አያሳጥረውም፤ ሊፍት ቁልፍ የሚደበድብ ሰው ያየ ያውቀዋል።

ከነአካቴው የማይቆምም አለ። በኔትወርክ የተያያዘ ዲስክ ላይ እየጻፈ ሳለ መስመሩ ከተቆረጠ፣ ሥራው ከርነሉ ውስጥ ይጠብቃል። ፒኤስ በሚባለው ትእዛዝ የሥራዎቹን ዝርዝር ስታይ «ዲ» የምትል ፊደል አጠገቡ አለች። ይሄን ብዙ ጊዜ ኪል -9 ራሱ አይገድለውም። ምልክቱ ይደርሳል፣ ግን የሚቀበለው ከመጠበቅ ሲነሳ ነው። መፍትሔው መስመሩን መመለስ ነው። መስመሩ ሲመጣ ሥራው ራሱ ይነቃል፣ ወይ ይቀጥላል፣ ወይ የተላከለትን ሞት ተቀብሎ ይሄዳል። ሰርቨሩን ለማጥፋት የቸኮለ ሰው ሌሎቹንም ሥራዎች አብሮ ይገላል።

እዚህ ድረስ ያለው ባክአፕ ስለ ማቆም ነው። ሪስቶር፣ መረጃውን ከባክአፕ መመለስ፣ ሌላ ዓለም ነው። ባክአፕ ያነብባል፤ ሪስቶር ይጽፋል። ኤስኪውኤል ሰርቨር በሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ላይ ሪስቶር መሃል ላይ ከተቋረጠ ዳታቤዙ «ሪስቶሪንግ» የሚል ታፔላ ለጥፎ ይቀመጣል። ማንም አይገባበትም። ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው እንደገና መጀመር ነው። ከባድ የማሻሻያ ሥራን መግደልም እንዲሁ ነው። ዳታቤዙ የሠራውን ሁሉ ወደ ኋላ መመለስ አለበት፣ መመለሱ ከመሥራቱ ሊረዝም ይችላል። ሰርቪሱን አጥፍቶ ማስነሳት አያድንም። ሲነሳ መመለሱን ይቀጥላል። ስለዚህ የሥራው ዝርዝር ላይ «ሪስቶር» የሚል ቃል ካየሁ እጄን እሰበስባለሁ። ሰልፉ ይጠብቅ። ያ ሪስቶር ያለ ምክንያት አልተጀመረም።

ማን ነው የጀመረውስ? ፕሮክስሞክስ ለያንዳንዱ ሥራ ዩፒአይዲ የሚባል ረጅም መለያ ይሰጣል። ውስጡ የሰርቨሩ ስም፣ የሥራው ዓይነት፣ የተጀመረበት ሰዓት፣ ያስጀመረው ተጠቃሚ አለ። ጥሩ ነገር ነው። ግን አምስት ሰው ሆነን ሁላችንም «ሩት» በሚለው የዋና አስተዳዳሪ ስም ከገባን አስጀማሪው ሁሌ «ሩት» ነው። ማንን ደውለን እንጠይቅ? እኛ ጋ አሁን ሁሉም በየስሙ ይገባል። መጀመሪያ ላይ «ፓስዎርድ በዛብን» ተብሎ ነበር። አሁን ግን ያልገባን ሥራ ስናይ ስሙን አይተን ስልክ እንመታለን። «ይሄ ያንተ ነው? ላቁመው?» ሠላሳ ሰከንድ ነው። ከየትኛውም ትእዛዝ ይህቺን ስልክ አስቀድማለሁ።

በዓለም ላይ የታወቁ ሁለት ታሪኮች አሉ፣ አዲስ ልጅ ሲመጣ ሁለቱንም አወራለታለሁ። በፈረንጆቹ ጥር 31 ቀን 2017 ጊትላብ የሚባለው የፕሮግራም ኮድ ማከማቻ ድርጅት መሐንዲስ፣ መሽቶበት፣ የዳታቤዙን ማህደር በተሳሳተው ሰርቨር ላይ ማጥፋት ጀመረ። አንድ ሁለት ሰከንድ ሳይቆይ ነቅቶ አቆመው። 300 ጊጋባይት ገደማ ከነበረው የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ነው። ባክአፕ ሲፈልጉ የፒጂዳምፕ (የዳታቤዙን ቅጂ የሚያወጣው ፕሮግራም) ማህደር ባዶ ሆኖ ተገኘ። የፕሮግራሙ እትም ከዳታቤዙ ጋር ስለማይገጥም ሲከሽፍ ኖሯል፤ ክሽፈቱን የሚናገረው ኢሜይልም ለማንም አይደርስም ነበር። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ጉዳይ የተነሳ ቅጂ ነው። ልጆቹ ይሄን ሲሰሙ ስለ ሁለቱ ሰከንዶች ያወራሉ። እኔን የሚገርመኝ ኢሜይሉ ነው።

ሁለተኛው የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2021። እየሄደ ያለ የባክአፕ ስክሪፕት (በፋይል የተጻፈ የትእዛዝ ዝርዝር) ሳይቆም በላዩ ላይ አዲስ እትም ተጫነበት። ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ባሽ ሙሉውን አንብቦ አይደለም የሚጀምረው፤ እያነበበ ነው የሚሄደው። መሃል ላይ አዲሱን ፋይል ማንበብ ጀመረ። የትኛውን ማህደር እንደሚያጸዳ የሚነግረው ዋጋ ግን አልተሰጠምና ባዶ ሆነ። አሮጌ ሎግ እንዲያጠፋ የተጻፈው መስመር የተመራማሪዎቹን ፋይል ማጥፋት ያዘ። 77 ቴራባይት ገደማ፣ 34 ሚሊዮን ገደማ ፋይል ሄደ። እዚያ አደጋው ማቆም አልነበረም፤ አለማቆም ነው። ስቶፕን ለሚፈራው ልጅ ይሄኛውን ረዘም አድርጌ ነው የምነግረው።

የቆየ ስክሪፕት ያላቸው ቢሮዎች እኛም ጋ ሞልተዋል። ስክሪፕቱ በማይኤስኪውኤልዳምፕ የዳታቤዙን ቅጂ ያወጣል፣ ውጪ ዲስክ ላይ ይጥላል። ይሄ ሲቋረጥ የሚተወው ፋይል አሳሳች ነው። ስሙ ትክክል፣ ቀኑ ትክክል፣ መጠኑም ትልቅ። ግማሹ ግን የለም። ሙሉ የሆነ ፋይል መጨረሻው ላይ «ዳምፕ ኮምፕሊትድ» የሚል መስመር ከነቀኑ ይጻፍበታል። በቴይል ትእዛዝ የመጨረሻዋን መስመር ማየት ይበቃል። የተጨመቀ ከሆነ «ጂዚፕ -ቲ» ተቆርጦ እንደሆነ ይናገራል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ስክሪፕቱ ሲጀምር ፋይሉን «ጅምር» በሚል ስም እንዲጽፍና ሲያልቅ ብቻ ትክክለኛውን ስም እንዲሰጠው ማድረግ ነው። በአንድ ፋይል ሲስተም ውስጥ ስም መቀየር ወይ ሆኗል ወይ አልሆነም፤ መሃል የለውም። ፋይል የሚገለብጠው አርሲንክም የሚሠራው እንዲሁ ነው። በድብቅ ስም ይጽፋል፣ ሲጨርስ ይሰይማል። ለዚህ ነው ተቋርጦም የድሮውን ፋይል የማያበላሸው።

ካቆምኩ በኋላ ሎጉን እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ሥራው ከዝርዝሩ መውጣቱን፣ ማሽኑ ቁልፍ አለመያዙን፣ ትላንት የነበረው ስናፕሾት ዛሬም መኖሩን አያለሁ። ከዚያ ለምን እንዳቆምኩ በቡድናችን ቴሌግራም ላይ አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ ማታ ተረኛው «ተቋርጧል» የሚል ቀይ ጽሑፍ ሲያይ እንዳይደነግጥ። ያን ዕለት የዚያ ማሽን ባክአፕ አለመኖሩንም እዚያው እጽፋለሁ። ይሄ የመጨረሻው ይረሳል። ባክአፕ ያቆመ ሰው ዛሬን ያለ ባክአፕ እንዳዋለ ካልተናገረ፣ ሌላው ሰው አለ ብሎ ነው የሚያድረው።

ገንዘብ ያዥዋ ባለፈው «ከነጭራሹ ለምን አታጠፋውም? ዓመቱን ሙሉ አንዴም ስትጠቀምበት አላየሁም» አለችኝ። ሻይ እየጠጣን ነበር። በ2014 የእነሱ ክፍል የደሞዝ ፋይል ከወረቀት ተለቅሞ እንደገና እንደተጻፈ ታውቃለች፤ ራሷ ናት ከለቀሙት አንዷ። ስለዚህ አልመለስኩላትም፣ እሷም አልጠበቀችም። ወደ ሰዓት ድርድር ገባን። የወር መዝጊያ ሰሞን የሂሳብ ማሽኑ ባክአፕ ሠራተኛው ምሳ ሲወጣ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ይነሳል። ማታ አይነካም። የአዲስ አበባው ሲንክ ደግሞ የቀን ፍጥነቱ ተገድቧል፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በቀጭኑ ይሄዳል፣ ማታ ይለቀቃል። ሌላው ወር እንዳለ ነው። እሷ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ከምሳ እንዳትመለስ ቃል አስገብቻታለሁ፤ እስካሁን አልጠበቀችውም።